«ለመምህርነት አትሆንም» ብዬ የጻፍኩበት ቅጽ

ናይሮቢ በተማርኩበት ሴሚስተር ከክፍል ጓደኞቼ አንድም ወዳጅ አላፈራሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢዬ መጨረሻው ላይ መተቃቀፍ እንዳይጠብቅ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር በየቀኑ የምጠቀምበትን ነገር ያገኘሁት ከምትጠላኝ፣ እኔም ከምጠላት ሴት ነው።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ያኔ የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ መምህርነት ተማሪ ነበርኩ። ኮሌጃችን ናይሮቢ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር በነበረው ስምምነት በየዓመቱ አንድ ተማሪ ለአንድ ሴሚስተር ይልካል። በዚያ ዓመት እኔ ተመረጥኩ። ግዴታው ግልጽ ነበር። የሴሚስተሩ ዋና ትምህርት ፕራክቲከም ነው፤ ይኸውም ትምህርት ቤት ገብቶ ለስድስት ሳምንት በተግባር ማስተማር። እሱን ካለፍኩ ውጤቴ ተላልፎልኝ ከጓደኞቼ ጋር እመረቃለሁ። ካላለፍኩ ሴሚስተሩ እንዳልነበረ ይቆጠርና ከእኔ በታች ካሉት ጋር ዓመቱን እደግማለሁ። ከክፍሏ አንደኛ ለምትወጣ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ያረፍኩት ኪሊማኒ የሚባል የናይሮቢ ሰፈር፣ የእናቴ አብሮ አደግ ቤት ነው። በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ረጅም ዓመት የሠሩ ሴት ናቸው፤ አክስቴ እላቸው ነበር።

ወደ ፕራክቲከም ከመውጣታችን በፊት ለሳምንታት እርስ በርስ እየተማማርን ተለማመድን። አንዱ ለሩብ ሰዓት መምህር ሆኖ ይቆማል፤ ሌሎቻችን እንደ ተማሪ እንቀመጣለን፤ ከዚያ አስተያየት ይሰጣል። ይህንን አገር ቤትም አድርገነዋል፤ አሠራሩ ግን የተለየ ነው። እኛ ዘንድ አስተያየት ስንጠየቅ በየተራ እየተነሳን «በጣም ጥሩ ነው፤ ድምፅዋ ይሰማል፤ ሰዓት ብትጠብቅ ኖሮ ደግሞ የበለጠ ያምር ነበር» እንላለን። እውነተኛው ነገር የሚጻፈው ቅጹ ላይ ነው። ቅጹን አጥፈን ለመምህሩ እንሰጣለን፤ መምህሩ ውጤቱን ይመዘግቡና ወረቀቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል። የተገመገመው ሰው ዕድሜ ልኩን አያየውም። ስለዚህ በአፍ ማክበር፣ በወረቀት ደግሞ እውነቱን መናገር ተምሬ ነው ያደግሁት። ሁለቱ የተለያየ ቦታ ስለሚሄዱ ይጣላሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ናይሮቢ በመጀመሪያው ቀን አንድ ልጅ አስተምሮ ሲጨርስ ሌላው ተነስቶ «እኔን እንቅልፍ ወሰደኝ» አለው። ክፍሉ ሳቀ። ያስተማረውም እየሳቀ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። አንዷ ደግሞ «ሰሌዳውን ነው ወይስ እኛን ነው የምታስተምረው? ጀርባህን ሸመደድነው» አለችው። በደም የሚፈላለጉ መስለውኝ ነበር። ከዚያ ሁሉም ተያይዘው ሻይና ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ ሊቀምሱ ወጡ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። እንዲህ ካሉ ሰዎች ጋር ምን ይበላል?

ስለዚህ በእኔ መንገድ ቀጠልኩ። በአፌ ለሁሉም «በጣም ጥሩ ነበር፤ አመሰግናለሁ» አልኩ። በቅጹ ላይ ግን በተራ ቁጥር፣ በማስመሪያ እያሰመርኩ፣ ያየሁትን ስህተት አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ።

አሁን ወደዚያች ወደምጠላት ሴት ልምጣ። በዕድሜ ከእኔ በስድስት ዓመት ትበልጣለች። ወደ ዩኒቨርሲቲው ከመምጣቷ በፊት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ያለ ሰርተፊኬት አስተምራለች። ድምፅዋ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል። ተራዋ ሲደርስ ክፍልፋይ ለማስተማር በጋዜጣ የተጠቀለለ ቻፓቲ ይዛ ቆመች። ቻፓቲውን በእጇ ቀደደችና «ግማሹ የማን ነው? ማነው የተበደለው?» ብላ ጠየቀች። እኛ ትልልቆቹ እንደ ልጅ መጨቃጨቅ ጀመርን። አንዱ የእኔ አነሰ አለ፤ ሌላው በማስመሪያ ይለካ አለ። ሩብ ሰዓቱ ሲያልቅ ማንም አላስተዋለም።

ቅጼ ላይ እንዲህ ጻፍኩ። አንደኛ፣ ሰሌዳው ላይ ቀን አልጻፈችም። ሁለተኛ፣ ርዕሱን ያለ ቦታው ከመሃል ጀመረች። ሦስተኛ፣ ቻፓቲው እኩል ስላልተከፈለ የሒሳብ ስህተት አለበት። አራተኛ፣ ሳቅ በዛ። እንዲህ እያልኩ እስከ አሥራ አንድ ደረስኩ። ከታች «ጠቅላላ አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። እዚያ ላይ «ለመምህርነት አትሆንም» ብዬ ጻፍኩ።

ለምን እንደጻፍኩት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። አንደኛው ምክንያት ባዶ ቦታ መተው ስለማልወድ ነው። ሁለተኛው፣ የእኔ ትምህርት እንደዚያ ክፍሉን አስነስቶት ስለማያውቅ ነው። ሁለተኛው ነው እውነቱ።

ወደ ቦታዋ ስትመለስ «በጣም ጥሩ ነበር፤ ቻፓቲው ደስ ይላል» አልኳት። «አመሰግናለሁ» አለችና ከተቀደደው አንዱን ቁራጭ ሰጠችኝ። በላሁት።

አርብ ከሰዓት በኋላ መምህራችን የሁላችንንም ቅጾች ስካን አድርገው በክፍሉ የስልክ ግሩፕ ላይ ለቀቁት። ክፋት አልነበረባቸውም። እዚያ ቅጽ ማለት ፊት ለፊት የተነገረው ነገር እንዳይረሳ የሚጻፍበት ወረቀት ነው፤ ባለቤቱ የተገመገመው ሰው ነው። እኔ ማታቱ ውስጥ ነበርኩ፤ ማታቱ የእነሱ ታክሲ ነው፤ ሙዚቃው ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ስልኬ ይነዝር ጀመር። ስከፍተው የራሴን የእጅ ጽሑፍ አየሁ። ከሁሉም የጠራ ጽሑፍ የእኔ ነበር፤ ከላይ ስሜ በጉልህ ተጽፏል። መውረጃዬን አልፌ ሁለት ፌርማታ ሄድኩ።

ሰኞ ክፍል ስገባ ባዶ ወንበሮቹ ላይ ሁሉ ቦርሳ ተቀመጠባቸው።

«ኢንስፔክተር መጣች!» አለ የኋላው ልጅ፤ ያ እንቅልፍ ወሰደኝ ባዩ። «ተነሱ፤ ቀን ጻፉ፤ አትሳቁ!»

«ቻፓቲ ያለው ይደብቅ» አለች ሌላዋ። «ማስመሪያ ይዛለች።»

ሳቁ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። ቀና ብላም አላየችኝም።

ለአክስቴ ነገርኳቸው። ጫማቸውን አውልቀው ሶፋው ላይ ተዘርግተው ነበር።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አሉኝ።

«ለመምህርነት አትሆንም ብዬ።»

«ውይ! ልጄ፣ ምን ነካሽ?»

«ለመምህሩ ብቻ የሚሰጥ መስሎኝ ነዋ!»

«እሱማ ባሰ። እኔም ስመጣ ቢሮ ውስጥ እንዲሁ አድርጌ አንድ ዓመት ሰላም የሚለኝ አጥቻለሁ። ሰውየውን ፊት ለፊት ብትሰድቢው መልሶ ይሰድብሽና ያበቃል። አመስግነሽው ሄደሽ ለአለቃው ከጻፍሽ ግን አለቀልሽ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። የበላሽውን ቻፓቲ መቼም አትመልሽላትም።»

በማግስቱ የፕራክቲከም ጥንዶች የሚመዘገቡበት ወረቀት በሩ ላይ ተለጠፈ። ሁለት ሁለት ሆኖ መሄድ ግድ ነው፤ አንዱ ሲያስተምር ሌላው ከኋላ ተቀምጦ ይገመግማል፤ የመጨረሻው ውጤት የሚሰጠውም የጥንዱ አስተያየት ተሰምቶ ነው። ጥንድ የሌለው አይሄድም። ስሜን ጻፍኩ። ከአጠገቡ ያለው ቦታ ሦስት ቀን ባዶ ሆነ። ሰዎች ወረቀቱን ሊያነቡ እየመጡ የእኔን መስመር ሲያዩ ያፏጩ ነበር። መምህራችንን ለመንኳቸው፤ «ሰው ማስገደድ አልችልም» አሉኝ። ዓመት ስደግም ታየኝ።

በአራተኛው ቀን ባዶው ቦታ ላይ የእሷ ስም ተጽፎ አገኘሁ። ከሌላ ልጅ ጋር የነበረውን ሰርዛ ነው የመጣችው። ካፌው በር ላይ አገኘኋት።

«አመሰግናለሁ» አልኳት።

«ለምኑ?»

«ጥንድ ስለሆንሽኝ።»

«አንቺን ለማዳን አይደለም» አለችኝ። «አንቺ ብቻሽን ወድቀሽ ወደ አገርሽ ብትሄጂ ለምን እንደወደቅሽ አታውቂም። እኔ ከኋላ ተቀምጬ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። ደግሞ ቅጽሽን ክፍሉ ፊት ቆመሽ ታነቢልኛለሽ። አለዚያ ስሜን አነሳለሁ።»

አነበብኩ። ከአንድ እስከ አሥራ አንድ፣ ፊቷን እያየሁ። ቀን፣ ርዕስ፣ ቻፓቲ፣ ሳቅ። አንዳንዱ ላይ «ልክ ነው» አለች፤ አንዳንዱ ላይ «ውሸት ነው» አለች። አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ጨረስሽ?»

«አዎ።»

ትንሽ አየችኝና «እሺ» ብላ ተቀመጠች። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንደዘለልኩ ታውቃለች። ግሩፑ ላይ አንብባዋለች። እንደምታውቅም አውቃለሁ። እንግዲህ ስድስቱን ሳምንት ያ ነገር በመካከላችን እንደ ተቀመጠ ነው የሠራነው።

የተመደብነው ኢስትሊ በሚባለው የገበያ ሰፈር ዳር ያለ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ስድስተኛ ክፍል ነበር። ከኪሊማኒ ሁለት ማታቱ መያዝ ያስፈልጋል። ወቅቱ የዝናብ ነው፤ የገበያው መንገድ ከነጋዴውና ከጋሪው ጋር ጭቃ ይሆናል። እሷ የምትመጣው በሌላ አቅጣጫ ነው፤ ፌርማታው ላይ ብታየኝም አትጠብቀኝም፣ ቀድማኝ ትሄዳለች። ተማሪዎቹ ከስድሳ በላይ ናቸው፤ ሶማሌውም፣ ኬንያዊውም፣ የእኛ አገር ልጅም አለበት። እንደ ሁሉም ቦታ እኔን «ቲቸር» ይሉኛል። እሷን ግን በሁለተኛው ቀን «ምዋሊሙ» ማለት ጀመሩ። በስዋሂሊ ትርጉሙ ያው መምህር ነው፤ አጠራሩ ግን የቤት ነበር።

የመጀመሪያውን ትምህርቴን ሳስተምር በሕይወቴ እንደዚያ የተዘጋጀሁበት ቀን የለም። ቀን ጻፍኩ፤ ርዕሱን አሰመርኩ፤ በሦስት ቀለም ጠመኔ ጻፍኩ። እሷ ከኋላ ተቀምጣ ደብተሯ ላይ ጭረት ታሰምራለች። ደወል ሲደወል በር ላይ፣ ልጆቹ እየሰሙ ጀመረች።

«ሃያ ሁለት ጥያቄ ጠየቅሽ። ሃያ ሁለቱንም የመለስሽው ራስሽ ነሽ።»

«ጊዜ ስለሌለ ነው። ማጠቃለል አለብኝ።»

«ልጆቹ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ይጽፉ ነበር።»

«እሱን ፎቶኮፒ ማሽንም ይሠራዋል።»

አንድ ልጅ ሳቀ። በአገሬ ቢሆን ተማሪ ፊት እንዲህ የተናገረችኝን ሰው ለዳይሬክተር እከሳት ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ አንድ። አሥራ ሰባት። ስታስተምር ደግሞ እኔ በተራዬ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ አሁን ግን የማየውን ፊት ለፊት እነግራታለሁ፤ ሌላ ምርጫ አልሰጠችኝም።

«ሰሌዳሽ ያሳፍራል» አልኳት አንድ ቀን። «ልጅ ቤቱ ሄዶ ደብተሩን ቢከፍት ምንም አያገኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ቀንም አልጻፍሽም።»

«እሱን ሆን ብዬ ነው» አለችኝ። ስድስቱን ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን አልጻፈችም።

ሰሌዳዋ ያሳፍር እንጂ፣ መስኮቱ ሥር የምትቀመጥና እኔ ሳስተምር አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ በእሷ ክፍል ተነስታ ስትከራከር አየሁ። ምን እንደምታደርግላት ለመያዝ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አፍጥጬ አየሁ። ምንም አታደርግም። ትጠይቅና ዝም ትላለች። እጇን አጣጥፋ ግድግዳው ላይ ትደገፋለች፤ ዝምታው ክፍሉን እስኪጨንቀው ትቆያለች። ከዚያ አንዱ ይናገራል።

«አንቺ እስከ ሁለት ነው የምትቆጥሪው» አለችኝ ሳትጠየቅ። «አንድ፣ ሁለት፤ ከዚያ ትፈሪያለሽ።»

«ምኑን ነው የምፈራው?»

«ዝም ሲሉሽ ያላስተማርሻቸው ይመስልሻል። እውነትም አላስተማርሻቸውም። እሱን እንዳታዪ ቶሎ ብለሽ ራስሽ ትመልሺዋለሽ።»

  ትክክል በመሆኗ ይበልጥ ጠላኋት።

ኪሊማኒ አክስቴ ላይ ተለማመድኩ። እራት ስንበላ «አክስቴ፣ ከአንድ አምስተኛና ከአንድ ስድስተኛ የቱ ይበልጣል?» አልኳቸውና በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ስምንት ላይ ስደርስ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?»

«አይ፣ እየጠበቅኩ ነው።»

«ምኑን?»

«መልሱን።»

«እኔ ደግሞ አንቺን ነው የምጠብቀው። አስተማሪዋ አንቺ አይደለሽ?»

የመጨረሻው ሳምንት መጣ። መምህራችን ከዩኒቨርሲቲው መጥተው የመጨረሻውን ትምህርት ያያሉ፤ ከዚያ ጥንዱን እዚያው ይጠይቃሉ። ማለፌም መውደቄም በዚያ ክፍለ ጊዜና በእሷ አፍ ላይ ነበር። ያስቀየማትን ሰው እንደማትምር፣ ከተናገረችውም እንደማትመለስ አውቃለሁ።

ቀን ጻፍኩ። ርዕሱን አሰመርኩ። «ሁለት ሦስተኛና ሦስት አራተኛ፤ የቱ ይበልጣል? ለምን?» ብዬ ጠየቅሁ። ጠመኔውን አስቀመጥኩ። እጄን ምን ላድርገው? ከጀርባዬ አጣመርኩት።

ማንም አልተናገረም። አምስት። ስድስት። መምህራችን ከማስታወሻቸው ቀና አሉ። ስምንት። ከኋላ እሷ ጠረጴዛውን በጣቷ ቀስ እያለች ስትመታ አየሁ፤ አብራኝ እየቆጠረች ነበር። አሥር።  አሥራ ሁለት።

«ቲቸር» አለ የፊት ወንበሩ ልጅ፣ «አንቺም አታውቂውም እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። ዝም አልኩ።

«እኩል ናቸው» አለ ሌላው። «ሁለቱም አንድ ነው የጎደላቸው።»

ስህተቱ አፌ ድረስ አቃጠለኝ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ብስል፣ ከፍዬ ባሳይ፣ በአንድ ደቂቃ ባለቀ ነበር። ምላሴን ነክሼ «ሌሎቻችሁስ?» አልኩ ብቻ። ግማሹ እኩል ናቸው አለ። ግማሹ አይደሉም አለ፤ ለምን እንደሆነ ግን የሚናገር ጠፋ። ጩኸት ሆነ። ሰዓቱ ሮጠ። መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ልጅ ተነሳች።

«የጎደለው እኮ እኩል አይደለም» አለች። «የዚህኛው የጎደለው ሦስተኛው ነው፤ እሱ ትልቅ ነው። የዚያኛው አራተኛው ነው። ብዙ የጎደለው ነው የሚያንሰው።»

«እውነቷን ነው ወይስ ተሳስታለች?» ብዬ ለክፍሉ መለስኩት። ሲከራከሩ ደወል ተደወለ። ማጠቃለያ አልጻፍኩም። ሰሌዳዬ ላይ ከቀኑና ከርዕሱ በቀር የልጆች ሙጭርጭር ብቻ ነበር።

ልጆቹ ከወጡ በኋላ መምህራችን ወደ እሷ ዞሩ። «እህስ?»

ደብተሯን ከፈተች። «ሦስት ጥያቄ ጠየቀች። አንዱንም አልመለሰችም።» ከዚያ ወደ እኔ አየች። «ሰሌዳዋ አስቀያሚ ነበር። ሰዓት አልጠበቀችም። ማጠቃለያ የለም። ግን ዛሬ አስተምራለች። ከዚህ በፊት አላስተማረችም።»

መምህራችን ጻፉ። ማለፌን ከፊታቸው አወቅሁ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞረው ስለ እሷ ጠየቁኝ። «በጣም ጥሩ ነች» የሚለው ቃል ከልምድ የተነሳ ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

«ሰሌዳዋ መስተካከል አለበት» አልኩ። «ይህን ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፤ አትሰማም። ሌላው ግን ቅጼ ላይ ለመምህርነት አትሆንም ብዬ ጽፌ ነበር። ክፍል ፊት ሳነብ ዘለልኩት። ስጽፈውም ውሸት እንደሆነ አውቅ ነበር።»

መምህራችን ሁለታችንንም አዩን፤ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔም ደረቴ ቀለል አለ። ይህ ስሜት ግን በሩ ድረስ ብቻ ነው የዘለቀው።

«አለቀ ብለሽ ነው?» አለችኝ ደረጃው ላይ።

«ይቅርታ ጠየቅሁ እኮ።»

«በአፍሽ። የጻፍሽው ግን በወረቀት ነው፤ ያነበበውም ክፍሉ በሙሉ ነው። እንደጻፍሽው ጽፈሽ አንሺው።»

«ብጽፈው ትታረቂኛለሽ?»

«አልታረቅሽም» አለችና ጃንጥላዋን ዘርግታ ቀድማኝ ሄደች።

ፌርማታው ላይ፣ ማታቱው እስኪሞላ ረዳቱ በሩን እየደበደበ ሲጣራ፣ ስልኬን አወጣሁ። ለክፍሉ ግሩፕ ጻፍኩ። ስለ እሷ ለመምህርነት አትሆንም ያልኩት ሐሰት መሆኑን፣ ያልኩትም ከቅናት መሆኑን፣ እስካሁን ካየኋቸው መምህራን ልጆችን እንደ እሷ ያናገረ እንደሌለ፣ ከሥሩም ሙሉ ስሜን። ላክሁት። ያነበቡት ሰዎች ቁጥር ሲጨምር አየሁ፤ የመለሰ የለም። እንቅልፋሙ ልጅ እንኳን አልቀለደም። ማታቱው ሞልቶ ተነሳ። መሃል ከተማ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። የእሷ መልእክት ነበር።

«ቀን አልጻፍሽበትም» ይላል።

ቀኑን ጨምሬ እንደገና ላክሁ።